ሮዳጅ ላይ

ገርባ ከቡራዩ ሰበታ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ ይለዋውጣል። አንዱ ከቡራዩ አዲስ ከተማ ያደርሰዋል፤ ሌላው ከዚያ ተነስቶ በዓለም ገና በኩል ሰበታ ይጥለዋል። ቀኑን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ የጭነት መኪና ሥር ተንጋልሎ ሲፈታና ሲያስር ይውልና፣ አመሻሹ ላይ ከዶሮውና ከቅቤው ጋር ተጨናንቆ በመጣበት ይመለሳል። ቤቱን ወደ ሰበታ እንዳያዛውር የአባቱ ቦታ ቡራዩ ነው፤ ሥራውን ወደ ቡራዩ እንዳያመጣ ቡራዩ ላይ ጋራዥ የለም። እንዲህ ሲመላለስ ዕድሜው አርባን ተሻገረ።

በወጣትነቱ የጦር ሠራዊት ሞተረኛ ነበር። የቆዳ ኮፍያውን ጆሮው ድረስ ደፍቶ፣ የታሸገ ፖስታ ደረቱ ላይ አስሮ፣ ከአንዱ ጦር ሰፈር ወደ ሌላው የሚበር ሰው ነበር። ያኔ መቸኮል ግዴታው ስለነበረ መቸኮል ይወድ እንደሆነ ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ድንቅቱን ካገባ በኋላ ሞተር ላይ አልወጣም። ረስቼዋለሁ ብሎ ያስብ ነበር።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ በአንድ የጥቅምት ወር፣ ጋራዡ በር ላይ በሣንቃ የታሸገ ትልቅ ሣጥን ወረደ። ውስጡ ልጅ አትክልት ከውጭ አገር ያስመጣው ሞተር ሳይክል ነበር። ልጅ አትክልት አባቱ በሰበታ ዙሪያ ብዙ መሬት ያላቸው፣ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ቀጭን ወጣት ነው። ሣንቃው ሲነሳ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ መፍቻውን እየጣለ መጣ። ጥቁር ነው፤ ነዳጅ መያዣው ላይ የወርቅ ቀለም መስመር ተሰምሮበታል፤ ሁለቱ ሲሊንደሮቹ እንደ ሁለት ጡጫ ተደግነዋል። የጋራዡ ባለቤት አቶ ወንዳፍራሽ ዞረው ዞረው ካዩት በኋላ፣

“ይሄ ከአውቶሞቢል ይቀድማል” አሉ። “ግን መጀመሪያ ሮዳጅ አለበት።”

ሮዳጅ ምን እንደሆነ ልጅ አትክልት ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ፊቱ ጠቆረ። አዲስ ሞተር ብረቱ ከብረቱ ጋር እስኪላመድ ድረስ ብዙ መንገድ ቀስ ተብሎ መነዳት አለበት። በሰዓት ከስድሳ ኪሎ ሜትር በላይ አይወጣም። በዚያ ጊዜ ያለ ልክ የነዱት እንደሆነ ፒስተኑ በግለት ያብጥና ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ የኋላው ጎማ በሩጫ ላይ እንዳለ ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው የነጂው ዕድል ነው።

“እኔ አልችልም” አለ ልጅ አትክልት፣ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ። “ራሴን አውቀዋለሁ። አንዴ ከወጣሁበት አልመለስም። ሌላ ሰው ያለማምድልኝ።”

አቶ ወንዳፍራሽ ሠራተኞቻቸውን ተራ በተራ ተመለከቱ። ወጣቶቹ ደረታቸውን ነፉ። እሳቸው ግን ጥግ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ የሚጠርገውን ገርባን ጠሩ።

“ገርባ ይንዳው። ሞተር ያውቃል። ደግሞም ደክሞታል፤ አይሮጥም።”

ሁሉም ሳቁ። ገርባም ፈገግ አለ፤ የተባለው እውነት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቶቡሱ ቀረለት። ጠዋት ከቡራዩ በሞተር ይነሳል፣ ማታ በሞተር ይመለሳል። ጎረቤት ገርባ አልፎለታል አለ። እሱ ግን ሞተሩን በያዘው በሳምንቱ ከአውቶቡሱ ይልቅ ይሄኛው እንደሚያደክመው ገባው። ትናንት ተጨናንቆባቸው ይሄድ የነበሩት አውቶቡሶች ዛሬ ጥሩምባ እየነፉ ያልፉታል፤ ረዳቶቹ በመስኮት ብቅ ብለው “አባባ፣ ወርደህ ግፋው!” ይሉታል። ድንጋይ የጫነ መኪና ሳይቀር አቧራ አልብሶት ይሄዳል። ዓለም ገና ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ይዞ ሲወርድ ገለባ የጫነ ብስክሌተኛ ጎን ለጎን ደርሶ፣ ከላይ እስከ ታች አይቶት፣ አዝኖለት አለፈ።

ስድቡስ ይሁን። የከበደው ከሥሩ ያለው ጉልበት ነበር። ያ ሞተር ስድሳ ላይ ሲሄድ ገና እንዳልነቃ ነው የሚተነፍሰው። ከጀርባው ሥር ያልተነካ ኃይል ተቀምጦ ይሰማዋል። ጠዋት ጠዋት፣ ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ያለው መንገድ ባዶ ሲሆን፣ ቀኝ እጁ ሳያዛት ነዳጅ መስጫውን ትንሽ ትጠመዝዛለች። ሰባ። ሰባ አምስት። ያን ጊዜ እጁን ከመሪው አንስቶ ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ ላብ ያለበት ይመስል። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ግን ከፍሪሲዮኑ ላይ አይነሱም። ሞተሩ ከተጣበቀ ነጂውን የሚያተርፈው ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን በቅጽበት መያዝ ብቻ መሆኑን የሠራዊት አሠልጣኙ በጥፊ አስተምሮታል።

ልጅ አትክልት በየቀኑ ጋራዡ ይመጣል። “ስንት ሄደ?” ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሰምቶ ሞተሩን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ ይሄዳል።

ቤት ውስጥም ድካም ነበር፤ የቤቱ ድካም ግን ሌላ ዓይነት ነው። የድንቅቱ እናት አዴ ገለቴ ስድስት ዓመት ሙሉ ግማሽ አካላቸው ታስሮ ልጃቸው ዘንድ፣ ቡራዩ ተኝተው ኖረው፣ ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ዐረፉ። ጫንጮ፣ የትውልድ ቦታቸው ተቀበሩ። ድንቅቱ ለቅሶውን ጨርሳ ስትመለስ ባዶው መደብ አጠገብ ቆማ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሌሊት በየሰዓቱ ትነቃለች፤ የሚገለበጥ ሰው እንደሌለ ትዝ እስኪላት ተነስታ ቁጭ ትላለች። ምግብ ታቀርባለች፣ ታነሳለች፣ ቃል አትናገርም። ገርባም ሞተሩን ግቢው ውስጥ ይወለውላል።

የአርባው ቀን ኅዳር ላይ፣ እሑድ ዋለ። ገርባ ቅዳሜ ማታ አቶ ወንዳፍራሽን፣

“ጋሼ፣ ነገ ጫንጮ ተዝካር አለብን፤ ከባለቤቴ ጋር በሞተሩ ብንሄድስ?” አላቸው።

አቶ ወንዳፍራሽ አሰቡበት። “ሂዱ። ሮዳጁ ሊያልቅ ነው፤ ረጅም መንገድ ይጠቅመዋል። አደራ ብቻ።”

“አደራውማ አለብኝ፣ ጋሼ” አለ ገርባ።

ጠዋት ድንቅቱ ከኋላው ወደ ጎን ዞራ፣ እግሯን አጣምራ ተቀመጠች። በአንድ እጇ ቀበቶውን፣ በሌላው የነጠላዋን ጫፍ ይዛ። በከተማው መሀል አልፈው የእንጦጦን ዳገት ቀስ እያሉ ወጡ፤ ከላይ ሲያዩት የሱሉልታ ሜዳ ጉም ለብሶ ተኝቷል። ገርባ አንዴ “በረደሽ?” ቢላት ራሷን ጀርባው ላይ ስትነቀንቅ ተሰማው፤ አዎ ትሁን አይ መለየት አልቻለም።

ጫንጮ ጸሎቱ ደረሰ፣ ሰው በላ፣ ጠጣ። ዘመድ ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ የድንቅቱን እጅ ያዘ። “አሁን እንግዲህ አረፍሽ” ይሏታል። “እናትሽም ዐረፈች፣ አንቺም አረፍሽ።” ታላቅ ወንድሟ ኦቦ ነገሳ ደግሞ በቅን ልብ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

“አረፍሽ እኮ እህቴ፤ በይ አሁን ወፈር ወፈር በይ” አላት።

ድንቅቱ ጉልበቷ ላይ ያሉትን እጆቿን አየቻቸው። ለመሄድ ሲነሱ ግን ገርባ ያልጠበቀውን አደረገች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ እንደ ወንድ፣ እግሯን ከወዲያና ከወዲህ ጥላ ሞተሩ ላይ ተቀመጠች። የአገሩ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ሁለቱን እጆቿን በወገቡ ዙሪያ ቆለፈችና፣

“እንሂድ” አለችው።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራለች። የሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ የሚታጨድበት ጊዜ ስለነበረ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተከመረው ሣር ወርቅ መስሏል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከፊታቸው መኪና የለም፣ ከብት የለም። ስፔኪዮው ውስጥም ማንም አይታይም። ገርባ ስድሳ ላይ አስቀምጦት ይሄዳል። ቀኝ እጁ ያን የለመደውን ማሳከክ ጀመረችው። እንግዲህ የቀረው የዚህ ሳምንት ነው አለ በልቡ። ከዚያ ሞተሩን አስረክቦ አውቶቡሱ ላይ ይሳፈራል፤ ይህን ጉልበት ሲሸከመው ቆይቶ አንድ ቀን ሳያየው ማለት ነው።

“ደበሊ” የሚል ድምፅ ከጀርባው መጣ።

ነፋሱ መሰለው። “ምን አልሽ?”

“ደበሊ! ጨምር!”

“አይቻልም፤ ሮዳጅ ላይ ነው። የሰው ንብረት ነው።”

ትንሽ ከሄዱ በኋላ አገጯን ትከሻው ላይ አሳረፈችና ጆሮው ሥር መናገር ጀመረች፤ በአርባ ቀን ውስጥ ያልተናገረችውን ያህል።

“ስድስት ዓመት ቀስ አልኩ፣ ገርባ። ቀስ ብዬ አነሳኋት፣ ቀስ ብዬ አገላበጥኳት። እንዳያንቃት ቀስ ብዬ አጎረስኳት። እንዳትነቃ ቀስ ብዬ ተራመድኩ። ሰው ሁሉ አረፍሽ ይለኛል፤ እኔ ግን ገና ቀስ እያልኩ ነው። ማቆም አቃተኝ። ዛሬ ብቻ ጨምር።”

ገርባ ስለ ፒስተኑ፣ ስለ ግለቱ፣ ስለ አደራው ሊነግራት ይችል ነበር፤ ሁሉንም ያውቀዋል። ወር ሙሉ ራሱን የከለከለው ግን ማንም ስላልጠየቀው እንደነበረ አሁን ገባው። ቀኝ እጁን ጠመዘዘ።

ሞተሩ መጀመሪያ ያላመነ ይመስል ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ድምፁ ወፍሮ ተነሳ፤ ሁለቱንም ወደ ኋላ ጎተታቸው። ሰማንያ። መቶ። የድርቆሹ ክምሮች ተራ በተራ መምጣታቸው ቀርቶ አንድ ረጅም ቢጫ ግድግዳ ሆኑ። የገርባ ዓይን በነፋስ ዕንባ ሞላ፤ ሸሚዙ እንደ ፊኛ ተነፋ። ወገቡ ላይ የነበረው የዘወትር ሕመም የት እንደሄደ አላወቀም። ጋራዡ፣ አውቶቡሱ፣ የጭነት መኪናው ሥር ያለው ጭቃ፣ ሁሉም ወደ ኋላ ቀሩ። የድንቅቱ ነጠላ ከትከሻዋ ተላቆ ሄደ፤ በስፔኪዮው አንዴ ነጭ ሆኖ ሲንሳፈፍ አየው፣ ከዚያ ጠፋ። “ነጠላሽ!” ብሎ ጮኸ። “ይሂድ!” ብላ ጮኸች። ከዚያ ሳቀች። ሲጋቡ የነበራት ያ ሳቅ ነበር፤ በደረቷ በኩል ጀርባው ውስጥ ገባ።

መቶ ሃያ። መሪውን አጥብቆ ለመያዝ ሲል የግራ እጁ ጣቶች ከፍሪሲዮኑ ተነሱ፤ መነሳታቸውን አላስተዋለም።

መቶ ሠላሳን ሲያልፍ ከሥሩ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማ። በሞተሩ ጩኸት ውስጥ የተሰነቀረ፣ የጥርስ ፍጭት የመሰለ ነገር ነው። ሌላ ነጂ ላይሰማው ይችል ይሆናል። ገርባ ሰማው፤ ምን እንደሆነም አወቀ። መቀነስ ነበረበት። ከፊት ለፊታቸው ግን መንገዱ ዳር አንድ ባሕር ዛፍ ይታያል። እስከዚያ ዛፍ ድረስ ብቻ አለ በልቡ።

ዛፉ ጋ አልደረሱም። ፒስተኑ ነከሰ፤ የኋላው ጎማ በአንዴ ቀጥ አለና አስፋልቱን እየፋቀ ጮኸ። ሞተሩ ወደ ግራ ተንሸራተተ፣ ወደ ቀኝ ተወራጨ። የገርባ ጣቶች ፍሪሲዮኑን ሲፈልጉ አየር ጨበጡ፤ እንደገና ፈልገው አገኙት። ሲይዘው ጎማው ተለቀቀ። ሞተሩ የጠፋው ትልቁ ብረት ዝም ብሎ በጎማዎቹ እየከነፈ ከመንገዱ ወጣ፣ ሣሩን እያረሰ ሄደ፣ አንድ ክምር ድርቆሽ ጎን ቆመ።

ሁለቱም አልወረዱም። የጋለው ብረት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ የዘይት ሽታ አፍንጫቸውን ሞላው። የድንቅቱ እጆች አሁንም ወገቡ ላይ ተቆልፈዋል። ገርባ አንድ በአንድ ጣቶቿን አላቀቃቸው። ቁርጭምጭሚቷ ተልጦ ትንሽ ደምቷል፤ ሌላ ምንም አልሆነችም።

“ያ ዋቅ” ብላ አምላኳን ቀስ ብላ ጠራች። ከዚያ “ሞተ?”

“አልሞተም፤ ተጣብቋል። ሲቀዘቅዝ ይለቅ ይሆናል።”

“በእኔ ነው።”

“እጁ የእኔ ነው” አላት። “ድምፁንም ሰምቼው ነበር። እስከ ዛፉ ድረስ ብዬ ነው።”

ዛፉን አየችው፤ ተራ ባሕር ዛፍ ነው። ከሩቅ ማጭዱን ትከሻው ላይ ያደረገ ገበሬ “አከም ኦልተን?” ብሎ ሰላምታ እየሰጠ መጣና ደህና መሆናቸውን አይቶ፣ ከቅሉ ውሃ ሰጥቷቸው፣ ሞተሩን እየዞረ ተመልክቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ድንቅቱ እግሯን ታጥባ ድርቆሹ ላይ ተደገፈች። ገርባ የሞተሩን ካንዴላዎች ሊፈታ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ተኝታለች። አፏ በትንሹ ተከፍቷል፤ መዳፎቿ ወደ ላይ ተገልብጠዋል።

ሞተሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀዘቀዘ። የማስነሻ መርገጫውን በእጁ ሲጫነው በጥቂቱ ሸርተት አለለት፤ መልቀቁን አወቀ። መሄድ ይችሉ ነበር። ገርባ ግን ኮቱን አልብሷት አጠገቧ ቁጭ አለ። በየሰዓቱ የምትነቃው ሴት አልነቃችም። ብርዱ ሲጠና፣ ሜዳው ላይ ጥላ ሲወርድ ብቻ ትከሻዋን ነካ አደረገ።

እንጦጦን ተሻግረው ሲወርዱ ከማርሚታው የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ከኋላቸው እንደ ገመድ ይጎተት ነበር። ስድሳ አልደረሱም።

ሰኞ ጠዋት ገርባ ሞተሩን እየገፋ ጋራዡ ግቢ አስገባው። ሊደብቀው ይችል እንደነበር ያውቃል፤ ዘይት ቀይሮ፣ ሮዳጁ አለቀ ብሎ ቢያስረክብ ጭሱ እስኪታወቅ ሳምንት ይፈጃል። ይህን ያሰበው ግን ሞተሩን የሚነዳው ልጅ አትክልት መሆኑን ረስቶ ነው። ያ ወጣት የተላጠ ሲሊንደር ይዞ በሙሉ ጉልበት ይነዳዋል፤ ፍሪሲዮኑ ላይ ጣት ማሳረፍም አያውቅም።

ልጅ አትክልትና አቶ ወንዳፍራሽ አብረው ቆመው ሳለ ነገራቸው። ሳያሳጥርም ሳያስረዝምም ነው። ድንቅቱ ያለችውን ግን አልተናገረም።

ልጅ አትክልት የጠየቀው ገርባ ያልገመተውን ነው።

“ስንት ደረሰ?”

“መቶ ሠላሳን አለፈ።”

የወጣቱ ዓይን ለአንድ አፍታ በራ፤ ከዚያ ደም ለበሰ። “ወር ሙሉ እየመጣሁ ስዳብሰው አላየህም? እኔ አልችልም ብዬ ለሌላ ሰው የሰጠሁት እኮ ላለማበላሸት ነው! አቶ ወንዳፍራሽ የሚችል ሰው ብለው ነው የሰጡህ!” ጓንቱን ሞተሩ ላይ ወርውሮ ወጣ።

አቶ ወንዳፍራሽ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። አብረው ጎንበስ ብለው ሲሊንደሩን ፈቱ። ግድግዳው ላይ አውራ ጣት የሚያክል ጭረት ተሰምሯል። እሱን መቦርቦር፣ ሰፋ ያለ ፒስተን ከውጭ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ በመርከብና በባቡር እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ገርባ ሥራውን ከሰዓቱ ውጭ፣ በነፃ እንደሚሠራው ተናገረ። አቶ ወንዳፍራሽ በራሳቸው ንቅናቄ ተቀበሉት። ከዚያ እጃቸውን እየጠረጉ፣

“የሰጠሁህ እኮ ደክሞታል ብዬ ነው” አሉት።

“ስለደከመኝ ነው፣ ጋሼ” አለ ገርባ።

አዩት። ወደ ጭነት መኪናው በአገጫቸው ጠቆሙት። ገርባ ጆንያውን መሬት ላይ ዘርግቶ ከሥሩ ገባ።

ማታ ቡራዩ የደረሰው አምሽቶ ነው፤ ሁለተኛው አውቶቡስ ሞልቶበት ቆሞ ነው የመጣው። ድንቅቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። በእናቷ መደብ ላይ የነበረውን ምንጣፍ አውጥታ አጥር ላይ አስጥታዋለች።

“ምን አሉህ?” አለችው።

ነገራት። ስለ ጓንቱም፣ ስለ ጭረቱም፣ ስለሚታዘዘው ፒስተንም።

“ከዚያስ? ሲጠገን?”

“እንደገና ሮዳጅ ይገባል። ከመጀመሪያው።”

“ማን ይነዳዋል?”

“እኔን የሚሰጡኝ አይመስለኝም።” ደጃፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ፤ የወገቡ ሕመም በቦታው ተመልሷል፤ እንደ ወትሮው ይመታል። “አዘንሽ?”

ድንቅቱ አሰበችበት። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያሰረችውን ጨርቅ ጠበቅ አደረገች።

“ለልጁ አዘንኩለት” አለች። “ለሞተሩም። ለእኛ ግን አላዘንኩም።” ቀጥላም፣ “ደክሞሃል?” አለችው።

“ደክሞኛል።”

“እኔም ደክሞኛል” አለች፤ ይህን ስትናገር ከስድስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ተነስታ እጁን ይዛ ጎተተችውና ራታቸውን ሊበሉ ገቡ።